ለሆስፒታል የተቀመጠው ጡት ማስያዣ

እህቴ አትራክታ ለሰው ሁሉ ደግ፣ ለገዛ ገላዋ ግን ጨካኝ ነበረች። ይኸው ከሞተች በኋላ ሰፈሩ ሁሉ ቅድስት ሊያደርጋት ሲሽቀዳደም እኔ ጥርሴን ነክሼ እሰማለሁ። ቅድስትስ አልነበረችም። ግትር ነበረች፤ እስካሁን የሚያንገበግበኝም ግትርነቷ ነው።

እኔ ዲምፕና ታናሿ ነኝ። ሁለታችንም ባል አላገባንም፤ አባታችን ትቶልን በሄደው ቤት፣ ከስላይጎ ከተማ ወጣ ብሎ ረግረጉ ዳር፣ አብረን አረጀን። ላሞቹ የኔ ነበሩ፣ ኦርጋኑ የሷ። ከልጅነቷ ጀምሮ የቤተ ክርስቲያናችንን ኦርጋን የምትጫወተው እሷ ናት። ሰው ሲዳር እሷ ነበረች፣ ሰው ሲቀበርም እሷ። ሌላ የኔ የምትለው ነገር አልነበራትም። እኔም አልቀናሁባትም፤ ከመዘምራን ይልቅ ከላም ጋር መነጋገር ይሻለኛል።

ጡቷ ትልቅ ነበር፤ ከአባታችን እናት የወረደ ነው። በወጣትነቷ ያምርባት ነበር፣ እሷ ብታፍርበትም። ከስድሳ ወዲህ ግን ገላ የባለቤቱን ፈቃድ አይጠይቅም። ጀርባዋ ጎበጠ፣ ደረቷ ሰፋ፣ ጡቷ ወረደ፣ ከበደም። እሷ ግን በሠላሳ ዓመቷ የለመደችውን ያንኑ ቁጥር ጡት ማስያዣ በፖስታ እያዘዘች ታስመጣለች። «ቁጥሬ ይኼ ነው» ትላለች፣ በክርስትና የተሰጣት ይመስል።

ማታ ስታወልቅ ያየሁትን ባላየው ይሻለኝ ነበር። ማንጠልጠያው ትከሻዋን ሰርስሮ ጣት የሚያስገባ ቦይ አውጥቶበታል። ከጡቷ ስር ቆዳዋ ተልጦ ቀልቷል፣ ሽቦው ደግሞ ጎኗን ወግቶ ወግቶ አጥቁሮታል። እኔ ቅባት እየቀባሁ እሳደባለሁ። ጠዋት ከማንጠልጠያው ስር ጥጥ ትወትፍና ያንኑ መልሳ ትለብሳለች።

ከዚያ ጣቶቿ መደንዘዝ ጀመሩ። መጀመሪያ ትንሿ ጣት፣ ቀጥሎ ያጠገቧ። ዕቃ ስታጥብ ስኒ ከእጇ እያመለጠ ሲሰበር ሳሙናውን ታማርራለች። ብርዱ ሊወጣ ሲል አንድ እሁድ፣ መዝሙሩ መሀል ላይ እጇ ቆመ። መዘምራኑ ያለ ኦርጋን ተንገዳግደው ጨረሱት። ሰው ሁሉ አንገቱን አዙሮ ወደ ላይ፣ ወደ ኦርጋኑ ሰገነት አያት።

በዚያው ሰሞን አባ ጋርቫን ቤታችን መጣ። ወጣት ቄስ ነው፣ ትሁት ነው፤ ሰውን የሚጎዳውም በትህትናው ነው።

«እንዲያርፉ ብዬ ነው እትዬ አትራክታ» አለ ሻዩን እያማሰለ። «አሁን መዝሙሩን በሙሉ የያዘ መሣሪያ አለ። ቁልፉን መጫን ብቻ ነው። እስከ ፋሲካ እንየውና እጅዎ ካልተሻለው እንነጋገራለን።»

«እስከ ፋሲካ ይሻለዋል» አለች።

ሸኝቼው ስመለስ ሁለት እጆቿን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ታያቸዋለች። «ይኼን ከወሰዱብኝ ጠዋት ለምን ብዬ እነሳለሁ ዲምፕና?» አለችኝ።

ሐኪሙ ትከሻዋን አይቶ ብዙም አልተመራመረ። ማንጠልጠያው ነርቭዎን ተጭኖታል፣ ለክቶ የሚሸጥ ሱቅ ሄደው ልክዎን ይልበሱ አላት። ወንድ ልጅ ስለ ጡት ማስያዣዋ አፉን ሞልቶ በመናገሩ ቤት እስክንገባ ፊቷ እንደቀላ ነበር። እኔ መኪናውን እየነዳሁ ሳቄን መያዝ አቃተኝ።

ስላይጎ የወሰድኳት በግድ ነው። «ደግሞ ጾም ነው» አለች በር ላይ ቆማ። «ጡት ማስያዣ ቸኮሌት ነው እንዴ? ግቢ መኪና ውስጥ» አልኳት።

ሱቁ ከወንዙ ጀርባ ያለች ጠባብ ቤት ናት። ባለቤቷ ኢሜልዳ የምትባል የኛው እኩያ፣ ሜትር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ አፏ የማያርፍ ሴት ናት። አትራክታን ከመጋረጃው ጀርባ አስገብታ ሸሚዟን አስወለቀቻትና የትከሻዋን ቦይ በጣቷ ዳሰሰችው።

«ይኼን ማን አለበሰሽ የኔ ቆንጆ? ጠላት አለሽ?»

«ቁጥሬ ነው» አለች እህቴ፣ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አጣጥፋ።

«ቁጥርሽ የነበረው እኔም ወገብ በነበረኝ ጊዜ ነው። እጅሽን አውርጂ። ክብደቱን መያዝ ያለበት ደረትሽን የሚዞረው መቀነት ነው፤ ትከሻሽ አህያ አይደለም።»

አንዱን አስለብሳ ታወልቃለች፣ ሌላውን ታመጣለች። አንዱ ይቆርጣል፣ አንዱ ወደ ላይ ይሸሻል፣ አንዱ ጡቷን ወደ ብብቷ ይገፋል። እህቴ እንባዋ ሊመጣ ነው፤ በዚህ ዕድሜ መስታወት ፊት እርቃን መቆም ቀላል አይደለም። በመጨረሻ ኢሜልዳ መሰላል ላይ ወጥታ ከላይኛው መደርደሪያ አንድ ካርቶን አወረደች። ሽቦ የለውም፣ ማንጠልጠያው ሰፊ ነው፣ ቁልፉ ከፊት ነው፤ እጅ ወደ ኋላ መጠምዘዝ የለም። ቀለሙ የቅቤ ነው።

ለበሰችው። አንድ በአንድ ቆለፈችውና ቀና አለች። እህቴ ያን ያህል ረጅም መሆኗን ረስቼው ነበር። ትተነፍሳለች፣ ደግማ ትተነፍሳለች፣ መስታወቱን እንኳ አታይም። ከዚያ እጆቿን ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ ጣቶቿን ማንቀሳቀስ ጀመረች፤ ምን እየተጫወተች እንደሆነ ሳይሰማኝም አወቅኩ።

«ትንሿን ጣቴን ነዘር አላት» አለች። «ዲምፕና፣ ተሰማችኝ።»

እኔ የላም ሴት ነኝ፣ በቀላሉ አላለቅስም። ያን ቀን ግን ወጥቼ ሱቁ በር ላይ ቆምኩ።

የቀረው እሱ አንዱ ብቻ ነበር። ሌላ ማዘዝ ይቻላል፣ ለፋሲካ ግን አይደርስም ተባልን። አንዱም ለጊዜው ይበቃል ብዬ ደስ ብሎኝ ነዳሁ። እሷ ከጎኔ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ስንደርስ አቁሚልኝ አለችና ወረደች። ባዶው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተጫወተች፤ እኔ የኋላው ወንበር ላይ ኮቴን እንደለበስኩ ሰማኋት። ጣቷ አንድ ጊዜ ሳተ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ድናለች አልኩ በልቤ።

በቀጣዩ እሁድ ግን ጣቶቿ እንደገና ይስቱ ጀመር። ቤት ገብተን ሹራቧን ስታወልቅ ያ ሰርሳሪ አሮጌ ማንጠልጠያ ከሸሚዟ ስር ብቅ አለ።

«አዲሱስ?»

«አስቀመጥኩት።»

«የት?»

ሹራቧን ማጠፍ ጀመረች። አወቅኩ። የሆስፒታሉ ሻንጣ ውስጥ ነው።

ሻንጣው አልጋዋ ስር ነው። የኔም አልጋዬ ስር አለ፤ የጎረቤቶቻችንም እንደዚያው። አዲስ የሌሊት ልብስ፣ አዲስ ጋቢ፣ ያልተረገጠ የቤት ጫማ፣ ውሃ ያልነካው ፎጣ። አንድ ቀን አምቡላንስ ሲመጣ ሰው ፊት እንዳናፍር። በሕይወታችን ጥሩ ጥሩውን የምንለብሰው ለማናውቀው ነርስ ነው።

የአትራክታ ግን ከሰው ሁሉ ይብሳል፤ ምክንያቱንም አውቃለሁ። እናታችን ድርቆሽ ስትከምር ወድቃ ሆስፒታል የተወሰደች ዕለት አብራት የሄደችው አትራክታ ነበረች፤ ገና ኮረዳ ናት። ተረኛዋ ነርስ የሰበካችን ሰው፣ ነርስ ታንሲ ነበረች። የእናታችንን ልብስ በመቀስ ስትከፍት የጡት ማስያዣዋ ማሰሪያ በዛገ መርፌ ቁልፍ የተያዘ ሆኖ አገኘችው። መርፌ ቁልፉን ከፍ አድርጋ ይዛ ለጓደኛዋ አሳየችና ሁለቱም ሳቁ። እናታችን ነቅታ ነበር፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ አልጋ አልተነሳችም። አትራክታ ይህን የነገረችኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ መርፌ ቁልፍ ካየች አንስታ ትጥለዋለች።

«እናታችን እኮ ሞታለች አቲ» አልኳት። «አንቺ ነሽ ያለሽው። አውጪና ልበሺው።»

«እንዲህ ያለ ነገር በአዘቦት አይለበስም። ለክፉ ቀን ይሁን።»

«ክፉው ቀን ይኼው ነዋ! ጣትሽ ደንዝዟል፣ ኦርጋኑን ሊወስዱብሽ ነው። ከዚህ የባሰ ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ካጠብኩት ቀለሙ ይሄዳል» አለች።

ሌላ ልዘዝልሽ አልኳት፤ እኔ ሁለት ምን ያደርግልኛል አለች። አንድ ጠዋት ቅዳሴ ሄዳ ሳለ አሮጌዎቹን ጡት ማስያዣዎች ሰብስቤ ምድጃ ውስጥ ጨመርኳቸው። እልህ ይዞኝ ነው። ስትመለስ የወለል መወልወያ ጨርቅ ከምናስቀምጥበት ከረጢት ውስጥ ከተቃጠሉት የባሰ አንድ አሮጌ አውጥታ ሰፋችና ለበሰችው። እኔ ነኝ ያባስኩት ብዬ ሁለተኛ አልነካሁባትም።

የጸሎተ ሐሙስ ዕለት መዝሙሩ ጠፋባት። ጀመረች፣ ቆመች፣ ደግማ ጀመረች። መዘምራኑ አፋቸውን ከፍተው ይጠብቋታል። አባ ጋርቫን ከታች ፈገግ ብሎ እጁን አወዛወዘ፤ ይበቃል ማለቱ ነው። የፋሲካ ዕለት ቁልፉን ራሱ ተጫነ፤ ከድምፅ ማጉያው የወጣው ኦርጋን ጥርት ያለ ነበር፣ አንድም አልሳተም። እህቴ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ከታች ከኔ ጋር ተቀምጣ አስቀደሰች። እጆቿን ኮቷ ስር ደብቃ ነበር። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ መክሳት ጀመረች። ኀዘን ነው አልኩ። ድንች ሁለት ጊዜ ነክሳ ትገፋዋለች። «ጠግቤያለሁ» ትላለች። በጋው ሲያልቅ ቀሚሷ ተንጠለጠለባት፣ ዓይኗም ቢጫ ሆነ። ሐኪሙ ይህን ሲያይ ግን ብዙ ተመራመረ፤ ካንሰሩ ቆሽቷ ላይ ነው፣ ወደ ጉበቷም ሄዷል አለን። ዛሬውኑ ትተኛ ተባለ።

ቤት ደርሰን እንምጣ አለች። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ «ሻንጣውን አውጪልኝ» ስትለኝ ፊቷ ላይ የሆነ ኩራት ነበር። ዕድሜዋን በሙሉ የተዘጋጀችለት ቀን ደረሰ። ያንን የቅቤ ቀለም ጡት ማስያዣ ከነወረቀቱ አወጣሁት፤ ሽታው እንኳ ገና የሱቅ ነው። አለበስኳት፣ ቁልፉን ከፊት አንድ በአንድ ቆለፍኩላት። ዙሪያው ወደ ሆዷ ተንሸራተተ። ጡት የነበረበት ቦታ ባዶ ጨርቅ ተጨማዶ ተንጠለጠለ። ማንጠልጠያውን አሳጠርኩ፣ አሁንም አሳጠርኩ፣ ማሳጠሪያው አለቀ።

ወደ ታች አየችው። በአንድ እጇ ጨርቁን ጨብጣ ለቀቀችው።

«ይኼ የኔ አይደለም» አለች። «ቀይረውብኛል።»

«ቀይረውብሽ ነው» አልኳት። «ሰኞ ሄጄ አስለውጠዋለሁ።»

«ኢሜልዳን እንዳትቆጪያት።»

«አልቆጣትም» አልኳት።

ዋርዱ ውስጥ ከህንድ የመጣች ልጅ እግር ነርስ ተቀበለችን፤ እጇ ለስላሳ ነው። የአትራክታን ልብስ ሁሉ አውልቃ ላስቲክ ከረጢት ውስጥ ጨመረችው፤ ጡት ማስያዣውን አላየችውም፣ ለማየትም ጊዜ የላትም። ከኋላ የሚታሰረውን የሆስፒታል ልብስ አለበሰቻት። እዚያ የተኙት ሁሉ እሱኑ ነው የለበሱት። አትራክታ ከረጢቱ ወዴት እንደሄደ በዓይኗ ስትፈልግ አየኋት። እንዳትሰጋ «ይዤዋለሁ» አልኳት። ቅጠሉ ረግፎ ሳያልቅ ሞተች።

ሬሳዋን ቤት አመጣናት። ያለበሰቻት የቀባሪው ሚስት ማጄላ ናት። የውስጥ ልብስም ጭምር አምጪልኝ ስትለኝ ከረጢቱን እንዳለ ሰጠኋት። ስትጨርስ ወጥታ «ጥሩ አድርጌላታለሁ፤ ጥጥ ሞልቼበት ቅርጿ መጥቷል» አለችኝ። ገብቼ አየኋት። ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ፣ መቁጠሪያው ጣቶቿ ላይ ተጠምጥሞ፣ ቀጥ ብላ ተኝታለች። ያን ቀን ስላይጎ ሱቁ ውስጥ ካየኋት ወዲህ እንዲህ ቀጥ ብላ አላየኋትም። ሳጥኑን በእግሬ ብመታው ደስ ይለኝ ነበር።

ሰው እየመጣ እጄን ይጨብጣል። «ራሷን ነው የምትመስለው» ይላሉ። «ልትጫወት የተነሳች ነው የምትመስለው» አለች አንዷ። ሻይ ቀዳሁላቸው፣ ሳንዱች አዞርኩ፣ ምን ላድርግ።

ማምሻውን ነርስ ታንሲ መጣች። ዘጠና የተጠጋች አሮጊት ናት፣ በሁለት ከዘራ ነው የምትሄደው። ሳጥኑ አጠገብ ወንበር ሰጠኋት። ጸሎቷን ደግማ አማተበችና እህቴን አየቻት። ልቻለው ብዬ ነበር፣ አልቻልኩም።

«ነርስ ታንሲ፣ እናታችን ሆስፒታል የገባች ዕለት ያስታውሳሉ?»

«እንዴት አላስታውስ። ድርቆሽ ላይ ወድቃ። እጇ የሚያምር ሴት ነበረች፣ ነፍሷን ይማር።»

«መርፌ ቁልፉንስ?»

«የምን መርፌ ቁልፍ?»

«ጡት ማስያዣዋ ላይ የነበረው። ከፍ አድርገው ለጓደኛዎ አሳይተው ሳቃችሁ። አትራክታ እዚያው ነበረች።»

አሮጊቷ ግራ ገብቷት ብዙ አሰበች። የምትዋሽ ሴት አትመስልም። «አላስታውስም ልጄ» አለች በመጨረሻ። «ግን በዚያን ጊዜ መርፌ ቁልፍ የሌላት ሴት የት ነበረች? እኔ ራሴ ከደንብ ልብሴ ስር ሁለት ነበረኝ። ስቄ ከሆነ፣ ይኼው እንደኔ ናት ብዬ ነው የሳቅኩት።»

ከዚያ ሻይዋ ላይ ስኳር እንድጨምርላት ጠየቀችኝ። ጨመርኩላት። ዕድሜ ልክ የታፈረበት ነገር ይኼ ነው፤ ያሳፈረችው እንኳ አታውቀውም። እህቴ ይህን ሰምታ ቢሆን ኖሮ ብዬ ሳጥኑን አየሁ፤ ቀጥ ብላ ተኝታለች፣ የሰማሁት አሁን ለማንም የሚጠቅም አልነበረም።

የቀብሩ ጠዋት ቀባሪዎቹ ሳጥኑን ሊዘጉ ሲገቡ እኔ ፎቅ ወጣሁ። አልጋዬ አጠገብ ተንበርክኬ የራሴን ሻንጣ ጎትቼ አወጣሁት። ውስጡ ነጭ ጡት ማስያዣ አለ፣ ዳንቴል ያለው፣ መቼ እንደገዛሁት እንኳ እንጃ። ለብሼው ልሄድ ነው፤ ለማንም አላስቀምጠውም ብዬ ወስኛለሁ። ለበስኩት። አልዘጋም አለ። እሷ ስትከሳ እኔ ወፍሬያለሁ፣ ጡቴም በገዛሁት ጊዜ ከነበረበት ቦታ የለም። ትንፋሼን ውጬ ብጎትተው፣ ሁለት ጣት ያህል ቀረው።

አልጋው ላይ ቁጭ አልኩ። ከታች «ዲምፕና፣ እየጠበቅንሽ ነው» እያሉ ይጠሩኛል።

የጥጃዎቹን የጆሮ ምልክት ከማስቀምጥበት ካርቶን ውስጥ ትልቅ መርፌ ቁልፍ ነበረኝ፤ አትራክታ እንዳታየው ደብቄው የኖርኩት። ጫፍና ጫፉን ከፊት አያይዤ ወጋሁት፣ ከዚያ ወደ ጀርባዬ አዞርኩት። ጥቁር ሹራቤን ከላይ ደርቤ ወረድኩና ከሳጥኑ ኋላ ተሰለፍኩ። ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ በየእርምጃው ጀርባዬን ይወጋኛል። መንገድ ላይ ብወድቅ ልብሴን በመቀስ የሚከፍት ሰው መርፌ ቁልፉን ያገኘዋል፤ ያግኘው።